ቅዳሜ ወደ ጮቄ፦ ለእግር ጉዞ ቡድናችን አባላት

ውድ አባላት፣

የፊታችን ቅዳሜ ጮቄ ተራራ እንወጣለን። የምንሄደው ጫፉ ላይ ፎቶ ለመነሳት አይደለም፤ ጅብራውን (ረጅሙን የደጋ ተክል)፣ ጓሳውን (የደጋውን ሣር)ና ምንጩን ቀርበን ለማየት፣ ለመዳሰስና ለማዳመጥ ነው።

ከንጋቱ 11፡30 ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ በር ላይ እንገናኝ፤ መኪናው 12 ሰዓት ይነሳል። ከ2,400 ሜትር ገደማ ተነስተን በአንድ ጠዋት ወደ 4,000 ሜትር ስለምንጠጋ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሊያጋጥም ይችላል። የሚያባብሰው ችኮላ ነው፤ እየተራመዳችሁ ማውራት ካቃታችሁ ፈጥናችኋል ማለት ነው። የባሰበት ሰው ከአንድ አባል ጋር ወዲያው ይወርዳል፤ በዚህ ላይ ድርድር የለም።

ጅብራው ዘንድ ስንደርስ ስልክ ዘግተን 20 ደቂቃ ዝም ብለን እንቀመጣለን። መጀመሪያ ላይ ምንም የሌለ ይመስላል። ወፎቹ የሚመለሱት እኛ ስንረጋ ነው፤ እባካችሁ በ5ኛው ደቂቃ አትነሱ። ጅብራ ለዓመታት አድጎ አንዴ ብቻ አብቦ ይሞታልና የቆመውን አትደገፉ፣ ቅጠሉንም አትቁረጡ። የወደቀ ደረቅ ግንድ ካገኛችሁ ግን በጣታችሁ አንኳኩት፤ ውስጡ ባዶ ነው፣ ድምፁ ይነግራችኋል።

ያዙ፦ 2 ሊትር ውሃ፣ በሶ ወይም ቆሎ፣ ወፍራም ሹራብ ወይም ጋቢ፣ የዝናብ ልብስ፣ ትርፍ የሱፍ ካልሲ (የጥጥ ካልሲ ከረጠበ እግር ያቀዘቅዛል)። ከሰዓት ጉም ሊወርድ ስለሚችል 7 ሰዓት ሲሆን የትም ብንደርስ እንመለሳለን።

መምጣታችሁን እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ ጻፉ። የልብ፣ የደም ግፊት ወይም የአስም ሕመም ያለባችሁ በውስጥ መስመር አሳውቁኝ።