የአይሲቲ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ደሴ ተቀምጠን ካርታው አዲስ አበባ የሚለን ለምንድን ነው?

የዘንድሮው የክበባችን ሥራ በአንድ ጥያቄ ዙሪያ ነበር። አንድ የኢንተርኔት አድራሻ ቢሰጠን በምድር ላይ የት እንዳለ ምን ያህል በእርግጠኝነት መናገር እንችላለን? ጥያቄውን ያመጣው የኮምፒውተር ክፍላችን ነው። የአድራሻን ቦታ የሚያሳይ ገጽ በተከፈተ ቁጥር ካርታው አዲስ አበባ መሐል ላይ ነጥብ ይተክላል። ከደሴ እስከዚያ በአየር መስመር እንኳ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የተበላሸ ነገር የለም። አድራሻው የተመዘገበው በቴሌኮም ድርጅቱ ስም ነው፤ የድርጅቱ ዋና መሥሪያ ቤት ደግሞ አዲስ አበባ ነው። ካርታው የሚያሳየው ወረቀቱ ያለበትን እንጂ ወንበራችን ያለበትን አይደለም። ዓመቱን ሙሉ የሠራነው ይህን ልዩነት መለካት ነው።

መጀመሪያ መለየት ያለባቸው የውስጥና የውጭ አድራሻ ናቸው። ተማሪው የስልኩን ዋይፋይ ዝርዝር ከፍቶ በ192.168 የሚጀምር ቁጥር ካገኘ፣ ያ በየቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ የሚደጋገም የውስጥ ቁጥር ነው፤ ካርታ ላይ ቦታ የለውም። በ10 የሚጀምሩትና ከ172.16 እስከ 172.31 ያሉትም እንዲሁ ናቸው። በሞባይል ዳታ ደግሞ ከ100.64 እስከ 100.127 ያለው ክልል ያጋጥማል። ይህ ክልል እ.ኤ.አ. በ2012 ለአገልግሎት ሰጪዎች የተለየ ነው፤ ብዙ ደንበኞች አንድን የውጭ አድራሻ እንዲጋሩ ያስችላል። የሚጋሩትም አድራሻ ስላለቀ ነው። ባለአራት ቁጥሩ አድራሻ ጠቅላላ ብዛቱ 4.3 ቢሊዮን ገደማ ሲሆን፣ የመጨረሻዎቹ ትልልቅ ክፍሎች ለአህጉራት መዝገብ ቤቶች የታደሉት እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2011 ነው።

ተማሪዎች ደጋግመው የጠየቁን አንድ ነገር ስላለ እዚሁ እንመልሰው። «በመልእክት የሰደበኝን ሰው ቤት በአድራሻው ማግኘት ይቻላል?» አይቻልም። አንዱን የውጭ አድራሻ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ብዙ ሰው ይጠቀምበታል። ከመካከላቸው ማን እንደሆነ የሚለየው አገልግሎት ሰጪው ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ከአድራሻው ጋር የፖርት ቁጥሩ (በአንድ አድራሻ ውስጥ ግንኙነቶችን የሚለየው ቁጥር) እና ትክክለኛው ሰዓት ካልቀረበለት አይለየውም። ይህ የሕግ አካል ሥራ ነው። ክበቡም በሰው አድራሻ ላይ አንድም ልምምድ አልሠራም፤ የለካነው የሰርቨሮችን (እንደ ድረ-ገጽ ያሉ አገልግሎቶችን የሚሰጡ ኮምፒውተሮችን) እና የራሳችንን ብቻ ነው።

ሁለተኛው ደረጃ መዝገቡን መጠየቅ ነው። ዓለም አድራሻ በሚያድሉ አምስት መዝገብ ቤቶች የተከፈለ ነው። የአፍሪካው አፍሪኒክ ይባላል፤ መቀመጫው ሞሪሺየስ ነው። የአውሮፓና የመካከለኛው ምሥራቅ መዝገብ አምስተርዳም፣ የእስያና የፓስፊኩ ብሪስቤን ይገኛሉ። ሁኢዝ በሚባለው መጠየቂያ አድራሻውን ስናስገባ ክልሉ ከየት እስከ የት እንደሆነ፣ የማን እንደሆነ፣ የአገር ኮዱና መዝገቡ መቼ እንደተስተካከለ ይነግረናል። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው የአገር ኮዱ ላይ ነው። ኮዱ አስመዝጋቢው ድርጅት የሞላው ስለሆነ መሣሪያው ሌላ አገር ሊሆን ይችላል። ባለቤቶቹ አዲስ አበባ ሆነው ሰርቨሩ ጀርመን የሆነ የአማርኛ ድረ-ገጽ ብዙ ነው፤ አድራሻው የሚነግረን ስለ ሰርቨሩ ነው።

ከዚያ የቦታ ዳታቤዞች ይመጣሉ። እነዚህ መዝገቡን፣ የአገልግሎት ሰጪዎችን ዝርዝርና የራሳቸውን ልኬት አዳብለው ኬክሮስና ኬንትሮስ ይሰጣሉ። አገሩን አብዛኛውን ጊዜ ያገኙታል፤ ከተማው ላይ ግን ብዙ ይስታሉ። ችግሩ የማያውቁትንም በቁጥር መጻፋቸው ነው። ከአገሩ ስም በቀር ምንም በማይታወቅበት ጊዜ የአገሩን መሐል ነጥብ ይሰጣሉ። ለኢትዮጵያ በብዙ ዝርዝሮች ላይ የሚገኘው 8 ዲግሪ ሰሜን፣ 38 ዲግሪ ምሥራቅ ነው። ካርታ ላይ ብንፈልገው በወልቂጤና በሆሳዕና መካከል ያርፋል። እዚያ ያለ ገበሬ የመላ አገሪቱን ኢንተርኔት በማሳው ተሸክሟል እንደማለት ነው።

ይህ እውነት የሆነበት ቦታ አለ። ማክስማይንድ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ለአሜሪካ መሐል የመረጠው ነጥብ 38 ዲግሪ ሰሜን፣ 97 ዲግሪ ምዕራብ ነበር። ነጥቡ ያረፈው ካንሳስ ውስጥ፣ ፖትዊን በምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ባለ የእርሻ ቤት ላይ ነው። ከ600 ሚሊዮን በላይ አድራሻዎች ወደዚያ ያመለክቱ ስለነበር የቤቱ ነዋሪዎች በማያውቁት ወንጀል ፖሊስ፣ የግብር መርማሪ፣ አምቡላንስ ሳይቀር ለዓመታት በራቸውን ሲያንኳኳ ኖረ። ጉዳዩ ይፋ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2016 ሲሆን ኩባንያው ነጥቡን ወደ ሐይቅ አዛወረው። ከዚህ በኋላ አባሎቻችን ከአሥርዮሽ ነጥቡ በኋላ ዜሮ የተደረደረበት ቁጥር ሲያዩ ይጠራጠራሉ። ቁጥሩ ሲበዛ ከተስተካከለ የተለካ ሳይሆን የተሞላ ነው ማለት ነው። ከነጥቡ ጋር የስህተት ራዲየስ በኪሎ ሜትር የሚሰጡ ዳታቤዞች ስላሉ፣ እሱን ሳይጽፉ ነጥቡን ብቻ መጻፍ በክበባችን አይፈቀድም።

ብዙ ጊዜ የወሰድንበት በሰዓት መለካቱ ነው። ምክንያቱም መዝገብ ሊሳሳት ይችላል፣ ብርሃን ግን ከተፈጥሮው በላይ አይፈጥንም። በፋይበር ውስጥ ብርሃን በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ በአንድ ሚሊሰከንድ 200 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ፒንግ (ወደ አንድ አድራሻ አጭር መልእክት ልኮ መልሱ እስኪመጣ ያለውን ጊዜ የሚቆጥር ትእዛዝ) የሚለካው ደርሶ መልሱን ስለሆነ፣ እያንዳንዱ ሚሊሰከንድ ቢበዛ 100 ኪሎ ሜትር ርቀት ይሰጠናል። መልሱ በ30 ሚሊሰከንድ ከመጣ ሰርቨሩ ከ3,000 ኪሎ ሜትር አይርቅም። ምን ያህል እንደሚቀርብ ግን አያሳይም። ጣሪያ እንጂ ወለል የለውም፤ ተማሪዎቻችን ለመቀበል የከበዳቸውም ይኸው ነው። መስመሩ ቀጥ ብሎ አይሄድም። ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት በአየር 5,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ መልሱ ከ53 ሚሊሰከንድ በታች ሊመጣ አይችልም፤ ገመዱ በጅቡቲ ወጥቶ ቀይ ባሕርንና ሜዲትራኒያንን ሲዞር ደግሞ ከዚያ ይበልጣል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ዊንዶውስ ካልታዘዘ የሚልከው 4 ጊዜ ብቻ ነው፤ እኛ 20 እናስልከዋለን። የምንይዘው አማካዩን ሳይሆን ትንሹን ቁጥር ነው፤ መንገድ ላይ ያለ ወረፋ ጊዜ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ከመጀመራችን በፊት የራሳችንን ራውተር (መልእክትን ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው የሚያሳልፈውን መሣሪያ) ፒንግ እናደርጋለን። በገመድ 1 ሚሊሰከንድ ወይም ከዚያ በታች መሆን አለበት። በዋይፋይ፣ ክፍሉ በተማሪ ሲሞላ፣ ይህ ቁጥር ያለምንም ርቀት ከፍ እያለ ይዋዥቃል፤ ስለዚህ የመጀመሪያ ሴሚስተር ልኬታችንን ሰርዘን በገመድ ደገምነው። ለፒንግ የማይመልስ ሰርቨር የለም ማለት አይደለም፤ ፋየርዎሉ (መልእክት የሚያጣራው መከላከያ) ከልክሎት ይሆናል። ያን ጊዜ በፖርት 443 ግንኙነት ለመክፈት የሚወስደውን ጊዜ እንለካለን። መስመሩ በጂኦስቴሽነሪ (ከምድር ጋር እኩል በሚዞር) ሳተላይት ከሆነ ይህ ሁሉ አይሠራም፤ ሳተላይቱ 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ ስለሆነ ጎረቤት ያለ ሰርቨር እንኳ ከ470 ሚሊሰከንድ በላይ ይወስዳል።

የዓመቱ ምርጥ ልምምድ 1.1.1.1 ነበር። መዝገቡን ስንጠይቅ አውስትራሊያ፣ ብሪስቤን ይላል። ብሪስቤን ከደሴ ከ12,000 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚርቅ መልሱ ከ120 ሚሊሰከንድ በታች ሊመጣ አይገባም። የእኛ ትንሹ ቁጥር ከዚያ ብዙ ያነሰ ሆነ። መዝገቡ አልዋሸም፤ ክልሉ የእስያና ፓስፊክ መዝገብ ቤት ነው። ግን አድራሻው ከ2018 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ክላውድፍሌር የተባለው ኩባንያ የስም መጠየቂያ (የድረ-ገጽን ስም ወደ አድራሻ ቁጥር የሚተረጉም) አገልግሎት ሲሆን፣ በኤኒካስት ዘዴ አንዱ ቁጥር በብዙ አገሮች በአንድ ጊዜ ይታወጃል። መልእክታችን በመንገድ ወደሚቀርበው ይሄዳል። «የት ነው?» ለሚለው መልሱ «ጠያቂው የት ነው?» የሚል ሆነ።

ትሬስራውት መንገዱን ደረጃ በደረጃ ያሳያል። መልእክቱ ላይ የተጻፈው ቆጣሪ ከ1 ተነስቶ ያድጋል፣ እያንዳንዱ ራውተር አንድ ይቀንሳል፣ ዜሮ ላይ የደረሰበት ራውተር መልስ ይልካል። ዊንዶውስ እስከ 30 ደረጃ ይሄዳል፣ በየደረጃው ሦስት ጊዜ ይሞክራል። ኮከብ ምልክት ብቻ የወጣበት መስመር ያ ራውተር ዝም አለ ማለት ነው፤ መንገዱ ተቋርጧል ማለት አይደለም። አንዱ መስመር ላይ ጊዜው ዘሎ በሚቀጥለው ከወረደ፣ ያ ራውተር ሥራ በዝቶበት ለእኛ መመለሱን አዘግይቶ ነው። ዘሎ እዚያው ከቆየ ግን ገመዱ ረጅም ርቀት ተሻግሯል። በራውተሮች ስም ውስጥ ብዙ ጊዜ የአውሮፕላን ማረፊያ ባለሦስት ፊደል ኮድ ይገኛል፦ ለፍራንክፈርት ኤፍ-አር-ኤ፣ ለማርሴይ ኤም-አር-ኤስ። ስሙን ያወጣው ሰው ስለሆነ፣ ራውተሩ ሲዛወር ስሙ ሳይቀየር ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ስሙን ከጊዜው ጋር ካላስማማን አንቀበለውም።

ውጤት ያበላሹብን ነገሮች ሦስት ናቸው። ነጻ ቪፒኤን (ግንኙነቱን በሌላ ሰርቨር በኩል የሚያዞር መተግበሪያ) የተከፈተበት ስልክ ሌላ አገር ይታያል። ኦፔራ ሚኒ ዳታ ለመቆጠብ ገጹን በኩባንያው ሰርቨር በኩል ሲያመጣ፣ የሚታየው የዚያ ሰርቨር አድራሻ ነው። ሦስተኛው በጣም አሳሳቹ ነው። አንድ ገጽ ደሴን በትክክል፣ እስከ ሰፈራችን ድረስ አሳየን። ለካ ብራውዘሩ «አካባቢዎን ይፍቀዱ» ሲል ተፈቅዶለት ስለነበር ቦታውን ያገኘው ከስልኩ ጂፒኤስና ከዋይፋይ ነው። ፈቃዱን ስንነሳው ተመልሶ አዲስ አበባ ገባ።

የክበቡ መዝገብ በኮምፒውተር ክፍሉ መሳቢያ ውስጥ ነው። እያንዳንዱ ገጽ አድራሻውን፣ ቀኑን፣ መዝገቡ ያለውን፣ የሦስት ዳታቤዞችን መልስ፣ ትንሹን የፒንግ ቁጥር፣ ከእሱ የወጣውን ጣሪያ በኪሎ ሜትርና የለካውን ተማሪ ፊርማ ይይዛል። መስከረም ላይ አዲሶቹ አባላት የሚጀምሩት እነዚያኑ አድራሻዎች በዚያው ገመድ መልሰው በመለካት ነው፤ የተለወጠው በቀይ ይጻፋል።