ቅሬታ፦ የታሲሊ ሥዕሎች ላይ ውሃ መርጨት ይቁም

ለጉዞ ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ

ጉዳዩ በእናንተ በኩል አልጄሪያ፣ የጥንት የዓለት ሥዕሎች ወዳሉበት የታሲሊ ናጅር የበረሃ አምባ ስላደረግነው ጉብኝት ነው። ደውዬ ነግሬያችሁ ነበር። መልሳችሁ «ለሚቀጥለው ጉዞ ቅናሽ እናደርግልዎታለን» ሆነ። እኔ ቅናሽ አልጠየቅሁም። እንግዲህ በጽሑፍ ይኸውላችሁ።

ከጃነት ከተማ ተነስቶ አምባው ላይ መውጣት ከባድ መሆኑን አስቀድማችሁ ነግራችሁናል። መኪና አይወጣም፣ ጓዙን የሚሸከሙት አህዮች ናቸው፣ ዳገቱ ወገብ ይቆርጣል። እራት ይዘገይ ነበር፣ ድንኳኑም ነፋስ ያስገባል። ይሁን፣ በረሃ ነው። የማላልፈው አምባው ላይ ሴፋር በሚባለው ቦታ ያየሁትን ነው።

ሦስት ሜትር ገደማ የሚሆነውን ያንን ግዙፍ ምስል አይተን፣ አፋችንን ከፍተን ገና ሳንጨርስ፣ አስጎብኚው አለፍ ብሎ ወዳለ የከብት መንጋ ሥዕል ወሰደን። ሥዕሉ ደብዝዟል። ከቦርሳው የውሃ መርጫ ጠርሙስ አወጣና ቀንዱን፣ ጀርባውን፣ እረኛውን ሁሉ ረጨው። ቀይ ቀለሙ ወዲያው ፍክት አለ፤ ሰዉም ካሜራውን ይዞ ተሻማ። ለእኛ «ውሃ ቆጥባችሁ ጠጡ» የተባለው በዚያው ጠዋት ነው እንግዲህ!

ለምን እንዲህ ታደርጋለህ ስለው አልተቆጣም። «ማስታወቂያው ላይ እንዳለው ካልታየ ደንበኛ ያማርራል» አለኝ። ማታ ማስታወቂያችሁን ከፍቼ አየሁት። እውነቱን ነው። ከላሞቹ በታች ዓለቱ ጠቁሯል፣ ውሃው ሲወርድ የተወው መስመርም ቁልጭ ብሎ ይታያል። ስለዚህ ልጁን ገሥጸናል ብላችሁ እንዳትገላገሉኝ። ሥራውን ያውቃል፣ መንገዱን ያውቃል፣ የታመመ ሰው ደግፎ አውርዷል። ጥፋቱ የእናንተ ነው።

ቀለሙ ብረት ካለው ቀይ አፈር የተሠራ ነው። ውሃ ሲነካው ይላላል፤ ውሃው ደግሞ ዓለቱ ውስጥ ያለውን ጨው ወደ ላይ ይስበውና ሲደርቅ ነጭ ሽፋን ትቶ ይሄዳል። ዛሬ ፎቶ ላይ የደመቀው ነገ ጭራሽ አይታይም ማለት ነው። ይህ አዲስ ነገርም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አንሪ ሎት የመራው የፈረንሳይ ቡድን ሥዕሎቹን ለመገልበጥ ብሎ አርጥቧቸዋል፣ ያደረሰው ጉዳት እስከ ዛሬ ይነሳል። እሱ ቢያንስ ልገልብጠው ብሎ ነው፣ እናንተ ለፎቶ!

ታሲሊ ሰሃራ አረንጓዴ በነበረበት ዘመን ሰዎች ከብት ሲያግዱባት የነበረች አገር ናት። ከ15,000 በላይ ሥዕልና ቅርጽ ያለበት፣ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1982 የመዘገበው ቦታ ነው። ዝናቡ ከሄደ በኋላ እነዚህን ሥዕሎች ያቆያቸው አንዱ ነገር ድርቀቱ ነው። እናንተ ውሃ ተሸክማችሁ ወጣችሁላቸው።

የምጠይቀው ግልጽ ነው። ያንን ፎቶ ከማስታወቂያችሁ አንሱት። በምትኩ ሥዕሉ ደርቆ፣ ደብዝዞ፣ እንዳለ የተነሳ ፎቶ አድርጉ፤ እንዲያ ሆኖ ማየት የማይፈልግ ሰው ካለ ይቅርበት። መርጫ ጠርሙስ ከጓዙ ይውጣ። መንካትም ማርጠብም ክልክል መሆኑን ፕሮግራሙ ላይ ጻፉት፣ ከመነሳታችን በፊትም በቃል ይነገር። ለአስጎብኚዎቹም «ደንበኛ ቢያማርር ተጠያቂው እኛ ነን» በሏቸው፤ አለዚያ ልጆቹ ለእንጀራቸው ሲሉ መርጨታቸውን አይተዉም።

ለወንድሜ ቤተሰብ ለቀጣዩ ጉዞ ቀብድ ከፍያለሁ፣ ደረሰኙ እጄ ላይ ነው። እስከ ወሩ መጨረሻ ፎቶው ካልተነሳና በጽሑፍ መልስ ካልሰጣችሁኝ ቀብዱን መልሱልኝ።