ያቺ «ን» የማን ናት?

ልጄ ዓለሜ፣

በኤስፔራንቶ፣ በዚያ ሰው ሠራሽ ቋንቋ፣ ጽፈህ የላክህልኝን ዓረፍተ ነገር አየሁት። «ላ ቪሮ፣ ኪኡ ሚ ቪዲስ፣ ቬኒስ» ብለሃል። «ያየሁት ሰው መጣ» ለማለት ነው አይደል? አንዲት «ን» ቀርታለች፤ «ኪኡን» ነው የሚባለው። ግን አይክፋህ። ያሳሳተህ አማርኛችን ነው፤ እኔንም ስንት ጊዜ አሳስቶኛል።

እኛ «የ»ን ግሡ ላይ ለጥፈን ሁሉንም ከሰውየው ፊት እናስቀድማለን፤ የመጣው ሰው፣ ያየሁት ሰው። ኤስፔራንቶ ሰውየውን መጀመሪያ ይጠራል፣ ነጠላ ሰረዝ ያደርጋል፣ ከዚያ «ኪኡ» ብሎ ወሬውን ይቀጥላል። ይህችው «ኪኡ» በጥያቄ ጊዜ «ማን?» ወይም «የትኛው?» ማለት ናት። ዶክተር ዛመንሆፍ በ1887 እ.ኤ.አ. ዋርሶ ላይ ባሳተመው ቋንቋ ተሳቢው እንደኛው በ«ን» ይለያል። «ቪሮ» ሰው፣ «ቪሮን» ሰውን። ዝምድና የላቸውም፣ እንዲያው ገጥሞ ነው። ግን የሚያዘናጋው ይኸው መመሳሰል ነው።

«የመጣውን ሰው አየሁ» የሚለውን ውሰድ። «ን» የተለጠፈችው «የመጣው» ላይ ነው፣ የምትነግርህ ግን ሰውየው መታየቱን ነው፤ ስለ መምጣቱ ምንም አትልም። በኤስፔራንቶ «ሚ ቪዲስ ላ ቪሮን፣ ኪኡ ቬኒስ» ይሆናል። «ን» ሰውየው ላይ ቀረች። «ኪኡ» ባዶዋን ናት፣ ምክንያቱም ከሰረዙ ወዲህ የመጣው እሱ ራሱ ነው።

አሁን ያንተን እንየው። «ያየሁት ሰው መጣ»፤ በአማርኛ «ን» የሚባል የለም። በኤስፔራንቶ ግን «ላ ቪሮ፣ ኪኡን ሚ ቪዲስ፣ ቬኒስ» ነው። ሰውየው መጥቷልና «ቪሮ» ያለ «ን» ይቆማል፣ «ኪኡን» ግን በሁለቱ ሰረዞች መካከል ታየ እንጂ አላየም። እኛ ይህን የምንናገረው በ«ያየሁት» መጨረሻ ባለችው «ት» ነው። ለዚህ ነው «ን» ትዝ ያላለህ።

እኔ ግራ ሲገባኝ ከሰረዙ በፊት ያለውን በአውራ ጣቴ እሸፍናለሁ። የቀረውን ብቻውን አነባለሁ። «ሚ ቪዲስ»፣ አየሁ። ማንን? «ማንን» ካስባለኝ «ኪኡን»፣ «ማን» ካስባለኝ «ኪኡ»። «ኪኡ» ከሰረዙ ውጪ ካለው ስም የምትወስደው ቁጥሩን ብቻ ነው። ሰዎቹ ብዙ ከሆኑ «ኪኡይ» ወይም «ኪኡይን» ትላለህ።

ከሁሉ የምወዳት ግን «ኪኤስ»ን ነው፤ «የማን» ማለት ናት። «ልጇን ያስተማርኩላት ሴት» ስንል እኛ «ልጇ» ላይ አንድ፣ «ላት» ላይ አንድ፣ ሁለት ቦታ እሷን እንጠራለን። እነሱ «ላ ቪሪኖ፣ ኪኤስ ፊሎን ሚ ኢንስትሩኢስ» ብለው ይጨርሳሉ። «ን» ልጁ ላይ ሄደች፤ «ኪኤስ» ንክች አትልም፣ በብዙ ቁጥርም ቢሆን።

እስቲ «ቤቱን የገዛሁት ሰው መጣ» የሚለውን በ«ኪኤስ» ሞክረውና ላክልኝ። «ን» የት እንደምትገባ ማየት እፈልጋለሁ። ደግሞ እራትህን ሳትበላ እንዳትቀመጥበት።

እናትህ