ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ፦ «አንሠራም» ስላልነው

ውድ ደንበኞቻችን፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ተቀይማችሁኝ እንደሰነበታችሁ ስለማውቅ ነው። አንዳንዶቻችሁ ፊት ለፊት ተናግራችሁ ወጣላችሁ፤ ለእሱ አመሰግናለሁ። አንዳንዶቻችሁ ግን ምንም ሳትሉ ቀራችሁ። እኔን ያመመኝ ይኼኛው ነው።

ነገሩን ታውቁታላችሁ። ካለፈው ወር ጀምሮ ሦስት ሥራ መሥራት አቁመናል። ያገለገለ ጎማ አንገጥምም። ጎኑ የተበሳ ጎማ አንለጥፍም። የፍሬን ዘይቱን ሳናይ የፍሬን ሸራ ብቻ ቀይረን መኪና አናስረክብም። በዚያ ላይ፣ ለየትኛውም ሥራ የመጣ ስፖርት መኪና አራቱም ጎማ ወርዶ ይታያል አልን፤ ለዚያም ማስከፈል ጀመርን። ይህን ሁሉ በአንዲት ወረቀት ጽፈን በሩ ላይ ለጠፍንና ዝም አልን። ጥፋታችን እዚህ ላይ ነው። ሥራ ፈታችሁ ከመጣችሁ በኋላ በር ላይ ሳይሆን ቀድመን ደውለን መንገር ነበረብን። ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ስለ ውሳኔው ግን ይቅርታ አልጠይቅም። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ትንሽ ይረዝማል፤ ታገሱኝ።

የሰሞኑን ጭቅጭቅ ያስነሳው ስምንት ዓመት ሙሉ ደንበኛችን የሆነ ልጅ ነው። ልጅ የምለው ስለምወደው ነው እንጂ ትልቅ ሰው ነው። መሪው ይንቀጠቀጣል፣ ባላንስ ብቻ ሥሩልኝ ብሎ መጣ። ጎማውን አወረድነው። ከውጭ በኩል ስታዩት አዲስ ይመስላል። እሱም ጣቱን ጎማው ጥርስ ውስጥ፣ ቦዩ ውስጥ ከቶ «ይኸው ጋሼ፣ ገና ነው እኮ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ በዚያ በኩል ስለካው የጥርሱ ጥልቀት 5 ሚሊሜትር ነበር። ጎማውን አዞርኩለት። በውስጠኛው ጠርዝ ላይ ሁለት ጣት የሚያህል ቦታ ሙልጭ ብሎ፣ ከጎማው ውስጥ ሽቦው እንደ ፂም ብቅ ብቅ ብሏል። እጄን ላስኬድበት ስል ወጋኝ።

ይህ የእሱ ግድየለሽነት አይደለም። የስፖርት መኪና ጎማ ቀጥ ብሎ አይቆምም። ኩርባ ላይ መሬቱን አጥብቆ እንዲይዝ አናቱ ወደ ውስጥ ዘመም ይደረጋል። ስለዚህ የውስጠኛው ጠርዝ ቀድሞ ያልቃል፤ አላይመንቱ፣ ማለትም የጎማዎቹ አቅጣጫና ዘመምታ ልክ፣ ከተዛባ ደግሞ ቶሎ ያልቃል። መኪናው ዝቅ ያለ ስለሆነ ያንን ጠርዝ ለማየት መሬት ላይ መተኛት ያስፈልጋል። ለሥራ ለብሶ የወጣ ሰው ማን ይተኛል? ለዚህ ነው አራቱም ይውረድ የምንለው። ቆሞ የሚታየው ያላለቀው ጎን ነው።

«ለዛሬ ብቻ፣ ረጅም መንገድ አለብኝ፣ ስመለስ እቀይራለሁ» አለኝ። እምቢ አልኩ። ደውሎ ያገለገለ ጎማ ከሚሸጥ ሰው አንድ ጎማ አስመጣ። የጎኑን ጽሑፍ አብረን አነበብን። ዶት ከሚለው ምልክት ተከትለው የሚመጡት የመጨረሻ አራት ቁጥሮች ጎማው የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ። የዚያ ጎማ 3612 ይል ነበር፦ የ2012 እ.ኤ.አ. 36ኛ ሳምንት። «መሬት ነክቶ አያውቅም» አለኝ። ላይነካ ይችላል። ጎማ ግን ተቀምጦም ያረጃል። ይደርቃል፣ ይጠነክራል፣ ጎኑ ላይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ያወጣል። ጥርሱ ሙሉ ስለሆነ ማንም አይጠረጥረውም። በዚያ ላይ የፍጥነት ምልክቱ ኤች ነበር፤ እስከ 210 ኪሎ ሜትር በሰዓት ማለት ነው። ፋብሪካው ለዚያ መኪና ያዘዘው ዋይ ነው፤ እስከ 300። በዚያ ፍጥነት ማንም ይንዳ እያልኩ አይደለም፣ እንዳትነዱ። ግን ምልክቱ ጎማው ሙቀትን እስከምን ድረስ እንደሚችል ይናገራል። ከባድ ፍሬንና ኃይለኛ ሞተር ያለው መኪና ጎማውን በ120ም ያሞቀዋል።

ልጁ ተቆጣ። ቸርኬውን ተሸክሞ ሄዶ ሌላ ቦታ አስገጠመ። ተመልሶ መጥቶ ግቢያችን ውስጥ በራሱ ክሪክ፣ በራሱ መፍቻ ሰቀለው። እኛ ቆመን አየን። አሮጌውን ጎማ ጥሎልን ሄደ። ማታውኑ «ጎማ ለመሸጥ ብለው ነው» የሚለው ወሬ ደረሰኝ።

እስቲ በዚህ ላይ እናውራ። ይህን ሥራ የጀመርኩት በአንድ ክሪክ፣ በአንድ ኮምፕሬሰርና በተበደርኩት መፍቻ ነው። የባላንስ ማሽኑን ለመግዛት ሦስት ዓመት ዕዳ ከፍያለሁ። ሂሳቡን ባለቤቴ ነች የምትይዘው፤ የትኛው ሥራ እንደሚያተርፍ ከእኔ በላይ ታውቃለች። ቀዳዳ መለጠፍ ያተርፋል። ያገለገለ ጎማ መግጠም ያተርፋል። ገንዘብ አያስቀምጥም፣ ዕቃ አይጠይቅም፣ በሃያ ደቂቃ ያልቃል። አዲስ የስፖርት መኪና ጎማ ግን ገንዘብ ይዞ ይተኛል። የፊቱ ሌላ መጠን፣ የኋላው ሌላ፤ ከፊት 245፣ ከኋላ 305 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ጎማ የሚያደርግ መኪና አለ። ስለዚህ የፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ ዕድሜውን ማመጣጠን እንኳ አይቻልም። እንደ ልብ አከማችቼ እንዳላስቀምጥ ያረጅብኛል። የማጓጓዣው ዋጋ ጨምሯል፣ የቤት ኪራይ ጨምሯል፣ ሸራውም ዘይቱም ጨምሯል። ለመሸጥ ብዬ ቢሆን ኖሮ የቀለለውን እሸጥ ነበር።

የምርመራ ክፍያውም እንደዚያው ነው። አራት ጎማ አውርዶ፣ ጥርሱን በሦስት ቦታ ለክቶ፣ ሸራና ዲስክ አይቶ፣ ቡሎኑን በልኩ አጥብቆ ለመመለስ ሁለት ልጆች አርባ ደቂቃ ይሠራሉ። እስካሁን በነፃ ስናደርገው ኖረናል። ከዚህ በላይ አልቻልንም። በቃ፣ ይኸው ነው።

ስለ ጎን ቀዳዳ ደግሞ የራሴን ልናገር። ብዙዎቻችሁ «ድሮ ትለጥፍልን ነበር» ብላችሁኛል። አዎ፣ እለጥፍ ነበር። ከ11 ዓመት በፊት አንድ የምወደው ደንበኛ ጎኑ ላይ ሚስማር የወጋውን ጎማ አመጣልኝ። መሐሉ ላይ ቢሆን፣ ቀዳዳውም ከ6 ሚሊሜትር ባይበልጥ፣ ከውስጥ በአግባቡ ተለጥፎ ዕድሜውን ሊጨርስ ይችል ነበር። ጎን ግን ሌላ ነው። ጎማው በዞረ ቁጥር ጎኑ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል፤ ልጥፉ ሥራ ፈቶ አያውቅም። ይህን አውቅ ነበር። «ቶሎ ሥራልኝ» ሲለኝ አፈርኩና ለጠፍኩ። በሦስተኛው ቀን በፍጥነት እየሄደ ፈነዳ። መኪናው የመንገዱን ብረት ታክኮ ቆመ። እሱ ደህና ነው፣ ተመስገን። ካሳ አልጠየቀኝም፣ አልተሳደበም። ተመልሶም አልመጣ። ይሰድበኝ ነበር የሚሻለኝ።

ወደ ፍሬን ልምጣ፤ በጣም የተጨቃጨቅነው እሱ ላይ ነውና። «ሸራውን ቀይር፣ ዘይቱን ተው» የምትሉኝ አላችሁ። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የሚባለው አዲስ ሲሆን ከ230 ዲግሪ በታች መፍላት የለበትም። ውሃው 3.7 በመቶ ገደማ ሲደርስ ግን ይህ የመፍያ ልክ ወደ 155 ይወርዳል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን እየነካካችሁ ስትወርዱ ዲስኩ ይግላል፣ ሙቀቱ ወደ ዘይቱ ያልፋል፣ ውሃው ይፈላል። እንፋሎት ደግሞ ይጨመቃል። ፔዳሉን ስትረግጡት ስፖንጅ የረገጣችሁ ያህል ይሰምጣል፤ ሸራው አዲስ ሆኖ መኪናው አይቆምም። አዲስ ሸራ አስገብቶ የሁለት ዓመት ዘይት መተው ማለት ይህ ነው። ቁልቁለት ላይ ማርሹን ቀንሳችሁ ሞተሩ እንዲይዝላችሁ አድርጉ፤ ፍሬኑን ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙና ልቀቁት፣ ሙሉ መንገድ እያሻሻችሁ አትውረዱ።

«ኤቢኤስ አለው እኮ» የምትሉም አላችሁ፤ ፍሬን አጥብቃችሁ ስትረግጡ ጎማው ተቆልፎ እንዳይንሸራተት የሚያደርገውን ማለታችሁ ነው። በ1978 እ.ኤ.አ. ቦሽ የሠራው ኤሌክትሮኒክ ኤቢኤስ በመርሴዲስ ኤስ ክላስ ላይ ሲወጣ ዋናው ቁም ነገሩ ፍሬን ሙሉ በሙሉ ይዛችሁ እያለ መሪው እንዲታዘዝላችሁ ነበር። ጎማው የሌለውን ጉልበት አይፈጥርለትም። መኪናውን ከመሬት ጋር የሚያገናኙት አራት የመዳፍ ስፋት ያላቸው ቦታዎች ብቻ ናቸው። በ100 ስትነዱ በአንድ ሰከንድ 28 ሜትር ትሄዳላችሁ፤ እግራችሁ ገና ፔዳሉ ላይ አልደረሰም። ከዚያ በኋላ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት ደግሞ በ50 ከሚያስፈልገው አራት እጥፍ ነው፣ ሁለት እጥፍ አይደለም። ፔዳሉ እግራችሁ ሥር ሲንቀጠቀጥ አትደንግጡ፣ አትልቀቁ፤ እየሠራ ነው። አጥብቃችሁ ረግጣችሁ መሪውን ወደሚያድናችሁ አዙሩ።

ኩርባ ላይ የሚደርሰው አደጋ ደግሞ አብዛኛው የሚጀምረው ኩርባው ውስጥ ሳትገቡ ነው። ፍሬኑን መኪናው ቀጥ ብሎ ሳለ ጨርሱ። ፍሬን ስትይዙ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል፣ የኋላው ይቀላል። ገብታችሁ መሐል ላይ ደንግጣችሁ ነዳጁን በአንዴ ከለቀቃችሁ፣ በተለይ ሞተሩ ከኋላ የሆነ መኪና፣ ኋላው ቀድሟችሁ ይዞራል።

ለዝናብ ደግሞ የጥርሱ ነገር አለ። በብዙ አገር ሕጉ እስከ 1.6 ሚሊሜትር ይፈቅዳል። እኛ 3 ሲደርስ እንነግራችኋለን፤ ብዙዎቻችሁም በዚህ ትናደዳላችሁ። ጥርሱ የውሃ መውጫ ቦይ ነው። ጎማው ሰፊ ሲሆን ብዙ ውሃ መግፋት አለበት፤ ቦዩ ካነሰ ውሃው ላይ ይንሳፈፋል። ያን ጊዜ መሪውን ብታዞሩ ምንም የለም፣ ባዶ ነው።

ሁለቱን ብቻ የምትቀይሩ ከሆነ አዲሶቹ ከኋላ ይግቡ። አዲስ ጎማ ከገባ በኋላ እስከ 300 ኪሎ ሜትር ድረስ ረጋ በሉ፤ ከፋብሪካ ሲወጣ ላዩ ያንሸራትታል። አዲስ ሸራም እንደዚያው፣ በመጠኑ ደጋግማችሁ ፍጥነት ቀንሱበት፣ እንዲላመድ። አንድ ነገር ደግሞ፦ ከባድ ፍሬን ይዛችሁ ከቆማችሁ በኋላ፣ መንገዱ ሜዳ ከሆነና መኪናው የማይንቀሳቀስ ከሆነ፣ ፔዳሉን ረግጣችሁ አትቆዩ። የጋለው ሸራ ዲስኩ ላይ አሻራውን ይተዋል፤ «ዲስኬ ጠመመ» ብላችሁ ከምትመጡት ውስጥ ስንቱ ይኸው ነው መሰላችሁ።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ላስተምራችሁ አይደለም። ከእኔ የበለጠ የምትነዱ አላችሁ። «አንሠራም» ስንል ምን አይተን እንደሆነ እንድታውቁልን ብዬ ነው። ሌላ ቦታ የሚሠራላችሁ ታገኛላችሁ፣ አውቃለሁ። አንዳንዶቻችሁ ሄዳችኋል። መንገዳችሁ የቀና ይሁን። ግን ከሄዳችሁም ጎማውን አዙራችሁ የውስጡን እዩ፤ ለእኔ ብላችሁ።

ለቀራችሁት ደግሞ አቅማችን የፈቀደውን እናድርግ። እኛ የሰቀልነውን ጎማ ቡሎን፣ 100 ኪሎ ሜትር ከሄዳችሁ በኋላ መልሰን በልኩ እናጠብቃለን፤ በነፃ ነው። የጎማ ንፋስም ጠዋት ጠዋት በነፃ እንለካለን። ጠዋት ያልኩት ጎማው ሳይሞቅ እንድትመጡ ነው። ሞቆ የተነፋፋውን ለክታችሁ «በዝቷል» ብላችሁ ካስተነፈሳችሁት፣ ሲቀዘቅዝ አንሶ ታገኙታላችሁ። አየሩ በ10 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ብቻ የጎማው ንፋስ ከ1 እስከ 2 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) ይወርዳል። ልኩ በሹፌሩ በር በኩል ተለጥፏል፤ ጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን ከፍተኛ ቁጥር እንዳትከተሉ።

የተቆጣችሁብኝም ኑና ተቆጡኝ። ከዝምታችሁ እሱ ይሻለኛል።

ለዚያም ልጅ፦ ጥለህልን የሄድከው ጎማ ከኮምፕሬሰሩ አጠገብ ቆሟል። ሽቦ የወጣበትን በጠመኔ ከበብኩት፤ ልጆቹ እንዳይጥሉት ነግሬያለሁ። የገጠምከውን ደግሞ አንድ ጠዋት ይዘኸው ብቅ በል። አወርደውና አየዋለሁ፤ አላስከፍልህም።

ከአክብሮት ጋር፣
የድርጅቱ ባለቤት