ልጆቻችን የት ይሩጡ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

የ11 ዓመት ልጄ የዩኒፎርሙ ሱሪ አልቆለፍ ብሎት እያለቀሰ ከትምህርት ቤት ቀረ። ጎረቤት ግን «ተመችቶታል፣ ደስ ይላል!» ይሉኛል። እኔ ጨንቆኛል። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ለስላሳ፣ ብስኩትና ቺፕስ ተደርድሮ ይጠብቀዋል። አንድ 330 ሚሊ ሊትር ኮላ 35 ግራም ገደማ ስኳር አለው። ቆሎና ማንጎ ቢሸጥበት ምን አለበት?

የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ ይመክራል። የት? የሰፈራችን ሜዳ ታጥሯል። ጣና ዳር ለብቻው አልሰደው ነገር፣ ሩቅ ነው።

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ቤት ለቤት ሲመጡ የልጆችን ክብደትና ቁመት ይለኩልን፤ ወላጅንም ያማክሩ። ልጁን ግን እባካችሁ ማንም «ዱባ» ብሎ አይጥራው። ሜዳውም ይከፈትልን።

አንዲት እናት፣ ከባሕር ዳር