ጀሪካን የያዘ ሁሉ ቸርቻሪ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። ሰሞኑን ስለ ቤንዚን ጥቁር ገበያ ያወጣችሁትን አንብቤ ነው ይሄን የምጽፍላችሁ። አብዛኛው ልክ ነው፣ ሌሊት በርሜል ሞልቶ ጠዋት በሃይላንድ እየቸረቸረ ህዝቡን የሚያስለቅሰው ሰውዬ ይያዝ፣ እኔም አላዝንለትም። ግን ጀሪካን ይዞ ማደያ በር ላይ የቆመውን ሰው ሁሉ አንድ ላይ ጨፍልቃችሁ ህገወጥ ነጋዴ ያላችሁት ነገር አንጀቴን አሳርሮታል፣ ምክንያቱም እዛ ሰልፍ ውስጥ እኛም አለንበት፣ የገጠር ሞተረኞች።

እኔ ደቡብ ወሎ ደጋው ላይ የከብት ማዳቀል ቴክኒሻን ነኝ። ስራውን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ፣ የተመረጠ ኮርማ ዘር ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ከዜሮ በታች በ196 ዲግሪ ተቀምጦ ይመጣል፣ እሱን የያዘውን ኮንቴነር ሞተር ላይ አስሬ ገበሬው ደጅ ድረስ እሄዳለሁ። ገበሬው ጠዋት ላሟ ስትጮህ፣ ሌላ ከብት ሲወጣባት ዝም ብላ ስትቆም ያይና ይደውላል፣ ዶክተር ላሜ ፈልጋለች ቶሎ ድረስልኝ ይላል፣ እኛ ጋ ከብት የሚነካ ሁሉ ዶክተር ነው የሚባለው። ጠዋት ድራት፣ ማለትም ኮርማ የመፈለግ ምልክት፣ ያሳየች ላም ማታ ትዳቀላለች፣ ማታ ያሳየች ደግሞ በነጋታው ጠዋት፣ ከዛ ካለፈ አለቀ። የሚቀጥለው ድራት ከ21 ቀን አካባቢ በኋላ ነው፣ እሱም ከታየ ነው፣ ከዛ ዘጠኝ ወር እርግዝና አለ። እንግዲህ እኔ መንገድ ላይ ቤንዚን ጨርሼ ብቀር እኔን የሚያገኘኝ ሞተር መግፋት ነው፣ ያ ገበሬ ግን ሶስት ሳምንት የባከነ መኖ አለበት፣ የዘገየ ጥጃ አለበት፣ ለልጆቹ የዘገየ ወተት አለበት። ይሄ ሁሉ ሁለት ሊትር ቤንዚን ጠፍቶ ነው።

ከተማ ያለ ሰው ቶሎ የሚለው ታዲያ ቀድመህ አትሞላም ወይ ነው። እንሞላለን እኮ፣ ቤንዚን ባለ ቀን። ግን አንድ መቶ ሲሲ ሞተር ታንከሩ አስር አስራ አንድ ሊትር ቢይዝ ነው፣ አስፋልት ላይ ቀስ ብሎ ለሚነዳ ሰው አንድ ሊትር ከ40 ኪሎሜትር በላይ ያስኬዳል፣ የኛ መንገድ ግን እንደዛ አይደለም። ከደሴ ወጥታችሁ ወደ ጉጉፍቱ ስትወጡ ዳገት ነው፣ ከዛ ወደ ጊምባ ወደ አቀስታ ያለው አገር ብርዱን የሚያውቅ ያውቀዋል። ከዋናው መንገድ ወጥታችሁ ቀበሌ ለቀበሌ ስትገቡ ደግሞ ድንጋይና ጭቃ ነው፣ አንደኛና ሁለተኛ ማርሽ ብቻ። ሞተሩ ቀኑን ሙሉ እየጮኸ ኪሎሜትሩ ግን አይቆጥርም፣ ቤንዚኑ በሰዓት ነው የሚያልቀው። በዛ ላይ ደጋ ሲወጣ አየሩ ይሳሳል፣ ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር ቀላቃይ) ያለው ሞተር ደግሞ አየር ቀነሰ ብሎ ቤንዚኑን አይቀንስም፣ ስለዚህ ከሚገባው በላይ ይጠጣል፣ ጉልበቱም ይወድቃል፣ ካንዴላውን ብትፈቱት ጥቁር ጥላሸት ነው የምታገኙት። ታች ኮምቦልቻ ላይ የተስተካከለ ካርቡሬተር ከ3,000 ሜትር በላይ ላይ እንደዛው አይሰራም። ይሄን ቁጭ ብሎ ኮታ የሚያወጣ ሰው ያውቀዋል ወይ? ለሞተር ይበቃል ተብሎ የምትቆረጠው ሊትር ከተማ ውስጥ ለሚዞር ሞተር ነው የምትበቃው።

ሪዘርቭ አለህ አይደል የሚልም አለ። አዎ አለ፣ ታንከሩ ስር ያለው መክፈቻ ሁለት ቱቦ ነው ያለው፣ አንዱ ረዘም ብሎ ወደ ላይ የቆመ አንዱ አጭር፣ በረጅሙ ስትነዳ ቤንዚኑ ከጫፉ በታች ሲወርድ ሞተሩ መቆራረጥ ይጀምራል፣ ያኔ ወደ ሪዘርቭ ስታዞረው ከታች ከቀረው ይስባል። ይቺ ማደያ እስክትደርስ የተሰራች ናት። ማደያ ደርሰህ ቤንዚን የለም ስትባል ሪዘርቭ ምን ያደርጋል? ከዛ በኋላ ያለው የሞተረኛ ዘዴ ነው፣ ታንከሩ ከስር መሃሉ ስለተሰረጎደ በአንዱ ጎን የቀረ ቤንዚን አለ፣ ሞተሩን መክፈቻው ወዳለበት ጎን አጋድመህ ቆይተህ ስታቆመው ትንሽ ያስኬድሃል፣ ቆቡንም ከፈት አድርጎ መዝጋት ነው ምክንያቱም መተንፈሻው በአቧራ ተደፍኖ ቤንዚን እያለ ጨረሰ የሚያስብል ጊዜም አለ። ይሄን የማያውቅ ሞተረኛ ካለ ይወቅ። ግን ከታች የሚሳበው ነገር ንጹህ አይደለም፣ ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ታች ነው የሚቀመጠው ዝገቱም አቧራውም እዛው ነው፣ ሁልጊዜ ታንከሩን እስከ ጠብታ የሚያደርቅ ሞተር ካርቡሬተሩ ሲታጠብ ነው የሚኖረው። በካርቡሬተር ፈንታ ቤንዚን በፓምፕ የሚረጨው ኢንጀክሽን የሆነው አዲሱማ ይባስ፣ የቤንዚን ፓምፑን የሚያቀዘቅዘው ራሱ ቤንዚኑ ነው፣ ደጋግሞ ደረቁን ሲሰራ ፓምፑ ይቃጠላል፣ እሱን ለመቀየር የሰራተኛ ደሞዝ አይችለውም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ቤንዚን አጥቶ የሚውል ሞተረኛ ሁለት ነገር ያደርጋል ሁለቱም ሰው ይገድላሉ፣ ለዚህ ነው ዝም ማለት ያልቻልኩት።

አንደኛው ቁልቁለት ላይ ሞተር ማጥፋት ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ በሀረጎ ስትወርዱ ከ2,500 ሜትር ወደ 1,850 አካባቢ ነው የሚወረደው፣ ኩርባ በኩርባ። ወጣቱ ቤንዚን ልቆጥብ ይልና ቁልፉን አጥፍቶ በዜሮ ማርሽ ይለቀዋል። ማርሽ ሲወጣ ሞተሩ ራሱ የሚይዝህ ነገር ይቀራል፣ ያለህ ፍሬን ብቻ ነው፣ ፍሬኑ ደግሞ እንደዛ ረጅም ቁልቁለት ላይ ሲያዝ ሲያዝ ይግልና መያዝ ያቆማል፣ የብዙዎቹ ትንንሽ ሞተሮች የፊት መብራትም ሞተሩ ሲዞር ብቻ የሚሰራ ስለሆነ ማታ ከሆነ በጨለማ ነው የምትወርደው። ከታች ደግሞ ከሚሌ በባቲ አድርጎ የመጣ ተሳቢ ዳገቱን እያቃሰተ ይወጣል። በዚህ የሚድን ቤንዚን ስንት ነው? ሀያ ምናምን ኪሎሜትር ነው መንገዱ፣ ግማሽ ሊትር እንኳን አይሞላም። ወንድሞቼ በዚህ አትቀልዱ፣ ማርሽ ውስጥ ሆናችሁ ነዳጅ መስጫውን ለቃችሁ ውረዱ፣ እንደዛ ሲወረድ የሚሄደው ቤንዚን ኢምንት ነው።

ሁለተኛው የሃይላንዱ ነገር ነው። ገጠር ቤት ውስጥ ምድጃ አለ፣ ብዙ ቤት ኩራዝም አለ። ቤንዚን ብርድ አይልም ትነቱ ሁልጊዜ ይወጣል፣ ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ሄዶ እሳቱን ያገኘዋል፣ እና ያቺ ሃይላንድ አልጋ ስር ናት፣ ልጆች በተኙበት። መንገድ ዳር የሚሸጠው ላይ ደግሞ ነጭ ጋዝ ይቀላቀላል፣ ሞተሩ ያጨሳል፣ ጠዋት አልነሳ ይላል። ወረቀት ላይ ጠብ አድርጉት፣ ንጹህ ቤንዚን ተኖ ይጠፋል፣ ጋዝ ያለበት የቅባት ምልክት ይተዋል። እንዲህ ሆኖም ዋጋው እጥፍና ከዛም በላይ ነው። በ2017 ታህሳስ መጨረሻ ቤንዚን በማደያ በሊትር 101 ብር ከ47 ሲገባ ከተማው ሁሉ ተንጫጫ፣ እኛ ግን በዛ ዋጋ የሚሸጥልን ብናገኝ ተመስገን ብለን ነበር የምንቀዳው።

ስለዚህ ቤንዚን ከማደያ ውጪ በየጠርሙሱ አይሸጥ የሚለውን ህግ እኔ ልክ ነው እላለሁ፣ በ2017 የወጣውም የነዳጅ ግብይት አዋጅ በዚህ ላይ ከባድ ቅጣት ማስቀመጡ አያስከፋኝም። የሚያስከፋኝ በሩ ሲዘጋ እኛ የምንገባበት አለመተዉ ነው። ማደያ የሌለው ወረዳ ውስጥ የሚሰራ ሰው ምን ያድርግ? ቤንዚን መጣ ሲባል በስልክ ነው የምንሰማው፣ እስክንወርድ ባጃጁም ኮድ ሶስቱም ተሰልፎ ጨርሶታል፣ ከ2015 ጀምሮ ክፍያው በቴሌብርና በመሳሰሉት ነው፣ ኔትወርክ ሲጠፋ ደግሞ ተራህ ደርሶ ትቆማለህ፣ ሰልፍ ላይ ባለመኪናው እናንተማ ሁለት ሊትር ነው የምትቀዱት ቆዩ ይለናል። ቦቴው በባቲ አድርጎ ከጅቡቲ ሲመጣ በደጃችን ነው የሚያልፈው፣ እኛ ግን ታንከራችንን እየነቀነቅን ነው የምንውለው።

እኔ ብቻ አይደለሁም። ክትባት የምታደርስ አንዲት ነርስ አውቃለሁ፣ የልጆች ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው መቀመጥ ያለበት፣ በረዶው ሳይቀልጥ መድረስ አለባት። ሜዳው መሃል ሞተሯ ጨረሰ፣ ሰፈሩ ወጣ፣ እናቶች አብሽሪ አብሽሪ እያሉ ቡና አፈሉላት፣ አንድ ሽማግሌ ፈረሳቸውን ጭነው ልጃቸውን አስከትለው ሳጥኑን ጤና ኬላው አደረሱት። ወላሂ ህዝቡ እንዲህ ነው፣ ሞተር ስትገፋ ካየህ ዝም ብሎ የሚያልፍ የለም። ግን የህጻናት ክትባት በአንድ ሽማግሌ ደግነት ላይ መንጠልጠል የለበትም። ነርሷ መንገድ ላይ ስትቀር ትልቅ ኪሳራ ነው፣ የኩፍኝና የቲቢ ክትባት አንዴ ከተበጠበጠ በ6 ሰዓት ውስጥ ካልተሰጠ ይደፋል፣ እናቶቹ ደግሞ ልጅ አዝለው ከሩቅ መጥተው ሳያስከትቡ ነው የሚመለሱት።

አዲስ አበባ ላይ ሞተር ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበው ቀማኛ እንደሆነ ይገባኛል፣ በ2011 ክረምት ሞተር እዛ ሲገደብ ምክንያቱ ወንጀል ነበር። ኤሌክትሪክ ሞተር ግዙ የሚሉንም አሉ፣ መልካም ነው፣ መብራት የገባበት ቀን እንገዛለን፣ እኔ የምዞርባቸው ብዙ ቀበሌዎች መብራት የላቸውም።

የምጠይቀው ቀላል ነው። እኛ አካባቢ ለውሃ ፓምፕ ደብዳቤ አጽፎ በጀሪካን የሚቀዳ ገበሬ አለ፣ ይሄው አሰራር ለገጠር አገልግሎት ሞተር ይሁን። ወረዳው የጤናውን የግብርናውን የእንስሳቱን ሞተር በሰሌዳ ይመዝግብ፣ ለእያንዳንዱ አምስት ሊትር የምትይዝ ክዳኗ የሚጠብቅ የብረት ጀሪካን ሰሌዳው ተጽፎባት ትፈቀድ፣ ፕላስቲክ አይሁን፣ እስከ አፏ አትሞላ፣ ቤት ውስጥ አትደር። የቀዳው ሊትር መዝገብ ላይ ይስፈር፣ ከሰራበት ቀበሌ ጋር ይመሳከር፣ የሸጠ ካለ እንደ ማንኛውም ቸርቻሪ ይጠየቅ፣ እኔም ብሆን። ማደያ ደግሞ ቤንዚን በገባ ቀን ከሩቅ ወረዳ ለመጣ የአገልግሎት ሞተር ጠዋት ላይ የአንድ ሰዓት ጊዜ ይስጠን፣ አንዱ መሙያ ለኛ ቢሆን ሁላችንም ቶሎ ቀድተን እንወጣለን፣ ሰልፉንም አናጓትትም። ማደያ በሌለበት የወረዳ ከተማ ላይ ፈቃድ ያለው አነስተኛ መሸጫ ቢከፈት ደግሞ የሃይላንዱ ገበያ ራሱ ይሞታል፣ ገዢው እኮ ወዶ አይደለም እዛ የሚሄደው።

ይሄን ለንግድ ቢሮውና ለነዳጅ ተቆጣጣሪው መስሪያ ቤት በጋዜጠኛ አፍ ጠይቁልን፣ የሰጧችሁንም መልስ አትሙልን፣ አይሆንም ካሉም ለምን አይሆንም እንዳሉ ጻፉት። ዘጋቢ ልካችሁ ለማየት ከፈለጋችሁ የፈለጋችሁት ወረዳ ግብርና ጽህፈት ቤት ግቢ ግቡ፣ ቆመው የሚውሉትን ሞተሮች ቁጠሩና ስንቱ በብልሽት ስንቱ በቤንዚን እንደቆመ ጠይቁ።

ከአክብሮት ጋር
የከብት ማዳቀል ቴክኒሻን፣ ከደቡብ ወሎ