አውቶብሱን ወስደው «ውጤት የለም» ላሉን ኃላፊ

ይድረስ ለከተማችን ወጣቶችና ስፖርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ጤና ይስጥልኝ። ማመልከቻ አስገብተናል። በርዎ ላይ ቆመን «ስብሰባ ላይ ናቸው» ተብለን ተመልሰናል። መዝገብ ቤትዎ ደብዳቤያችንን ተቀብሎ ማኅተም መትቶበታል፤ ከዚያ ወዲህ የት እንደገባ የሚያውቅ ሰው ጠፋ። ስለዚህ ዛሬ ሰው ሁሉ በሚያየው ቦታ እጽፍልዎታለሁ።

ከ17 ዓመት በታች የሴቶች እግር ኳስ ቡድን ውስጥ የምትጫወት ልጅ እናት ነኝ። ትጫወት የነበረች ልበል እንጂ፣ ቡድኑን አፍርሰውታል። በደብዳቤው ላይ የሰፈረው ምክንያት አንድ ነው፤ «የሚጠበቅበትን ውጤት ባለማምጣቱ»። ፊርማው የእርስዎ ነው።

ውጤቱ የት እንደጠፋ እስኪ እንነጋገር። የማጣሪያው ዕለት ልጆቹ ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ጽሕፈት ቤትዎ በር ላይ ነበሩ። የተመደበላቸው ቅጥቅጥ አውቶብስ ግን የወንዶቹን ዋና ቡድን ደጋፊዎች ጭኖ ሌላ ከተማ ሄዷል። ማን እንዳዘዘ የስምሪት ደብተሩ ላይ አለ። «ተለዋጭ መኪና እየመጣ ነው» ተባሉ። ማልያቸውን ከሹራብ ሥር ለብሰው፣ ታኬታቸውን በፌስታል አንጠልጥለው አስፋልት ዳር ተቀመጡ። አንዷ ተከላካይ መጋጫ (የቅልጥም መከላከያ) ስለሌላት ካርቶን ቆርጣ ካልሲዋ ውስጥ ከትታ ነበር። ፀሐዩ ሲከር አውጥታ ማራገቢያ አደረገችው። አሰልጣኟ ትደውላለች፤ ስልኩ ይጠራል፤ የሚያነሳ የለም። በመጨረሻ እኛ ወላጆች ሚኒባስ ለመኮናተር ብር ማዋጣት ጀመርን። ብሩ ሲሞላ ሰዓቱ አለፈ። የጨዋታው ኮሚሽነር ፎርፌ ጻፈ፤ 3 ለ 0።

ኳስ ሳይነኩ ተሸነፉ። ፎርፌውን ያመጣባቸው ቢሮ ደግሞ ዞሮ በዚያው ፎርፌ ከሰሳቸው፣ ፈረደባቸውም። ራሱ በዳይ፣ ራሱ ከሳሽ፣ ራሱ ዳኛ።

ስንጠይቅ አንድ ባለሙያዎ «ትምህርታቸውን ቢማሩ አይሻልም? ሴት ልጅ ደግሞ…» ብለው አቆሙ። ባይጨርሱትም ገብቶኛል። ሌላው ደግሞ «በጀት የለም» አሉን። ለወንዶቹ የፊርማ ገንዘብ ሲከፈል በጀቱ ነበረ። የወንዶቹ ክፍያ ልጓም አጥቶ የእግር ኳስ ፌዴሬሽኑ በ2011 ዓ.ም. በወር 50,000 ብር ጣሪያ እስከማበጀት የደረሰበት አገር ውስጥ ነን። የኛዎቹ የጠየቁት ኳስ፣ ውሃና መጓጓዣ ነው።

አጥቂዋ ሎዛ አበራ የዱራሜ ልጅ ናት። የሐዋሳን፣ የደደቢትን፣ የአዳማንና የንግድ ባንክን፣ ከባሕር ማዶም የማልታውን ቢርኪርካራና የአሜሪካውን ዲሲ ፓወር ክለብ ማልያ ለብሳለች። ንግድ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2024 የሴካፋን (የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካን) ማጣሪያ አዲስ አበባ ላይ አሸንፎ ለአፍሪካ ሴቶች ቻምፒየንስ ሊግ ሞሮኮ ሲገባ እርስዎም አጨብጭበው ይሆናል። ከ20 ዓመት በታች ቡድናችን ለኮስታሪካው የ2022 ዓለም ዋንጫ የመጨረሻው ማጣሪያ ደርሶ ያቆመው ጋና ነው። እነዚህ ተጫዋቾች አዲስ አበባ ውስጥ በቅለው አይደለም፤ ብዙዎቹ እንደኛ ካለ ከተማ፣ አቧራ ሜዳ ላይ ከሚሠራ ታዳጊ ፕሮጀክት የተነሱ ናቸው። ሉሲዎቹ፣ የሴቶች ብሔራዊ ቡድናችን፣ እ.ኤ.አ. በ2004 በአፍሪካ ዋንጫ አራተኛ ወጥተው ነበር፤ ከ2012 ወዲህ ግን መድረኩን አላገኙትም። ያኔ «ተተኪ የለም» እንላለን። ተተኪዋ አስፋልት ዳር ተቀምጣ ነበር።

«ብናሰለጥናቸው ሌላ ክለብ ይወስዳቸዋል» የሚል ነገርም ሰምቻለሁ። እዚህ ላይ ጥቂት እውነት አለዎት፤ ተጫዋች ላሰለጠነ ክለብ የሚከፈለው የፊፋ የስልጠና ካሳ በሴቶች እግር ኳስ ላይ አይሠራም። ግን ሌላውን ግማሽ ለምን ይደብቁታል? ተጫዋች በገንዘብ ወደ ውጭ ክለብ ስትዘዋወር ከ12 እስከ 23 ዓመቷ ያሰለጠኗት ክለቦች ከዝውውሩ እስከ 5 በመቶ የሚካፈሉበት ሥርዓት ለሴቶችም ይሠራል። ለመካፈል ግን ልጅቷ በክለቡ ስም መመዝገብ አለባት። የኛዎቹ ቴሴራ (የተጫዋችነት መታወቂያ) መሳቢያዎ ውስጥ ተቆልፎበታል። ሌላ ቡድን እንዳይሄዱ መልቀቂያ የለም፤ እዚህ እንዳይጫወቱ ቡድን የለም።

የምንፈልገው ረጅም ዝርዝር አይደለም። የማፍረሻው ደብዳቤ ይሻር። የዚያን ዕለት የስምሪት ደብተር ወላጆች ባሉበት ይከፈት። ቀጣዩ ምዝገባ ሳይዘጋ ቴሴራቸው ይመለስ።

ባለፈው ማርች 8 በልጆቹ መካከል ቆመው የተነሱት ፎቶ አሁንም የጽሕፈት ቤቱ ፌስቡክ ገጽ ላይ አለ። «ሴቶችን በስፖርት እናብቃ» ይላል። ወይ ቡድኑን ይመልሱ፣ ወይ ፎቶውን ያውርዱት።

ከሰላምታ ጋር
አንዲት የተጫዋች እናት

ግልባጭ፦
ለከተማው ከንቲባ ጽሕፈት ቤት
ለዞኑ እግር ኳስ ፌዴሬሽን
ለመዝገብ ቤትዎ (ይሄኛው ቢጠፋም ሰው እጅ ላይ ስላለ አይጨነቁ)